«ሕንዳውያን ከክሪኬት ሌላ ስፖርት የላቸውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ሕንዳውያንና ስለ ስፖርታቸው በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ለእኔም ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በስድስት ነጥቦች ከፍለው ያስቀመጡ ሲሆን ባጭሩ ይህን ይላሉ። ክሪኬት ከእንግሊዝ ገዥዎች የተወረሰ፣ ሕንዳውያን ያለ ማንገራገር የተቀበሉትና ከጥንት ጀምሮ ሁሉንም በእኩልነት ያሰባሰበ ጨዋታ ነው። ሆኪ በሕግ የተደነገገ ብሔራዊ ስፖርት ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ለክሪኬት ሲል ጥሎት ሞቷል። ካባዲና በአፈር ላይ የሚደረገው ባህላዊ ትግል ቴሌቪዥን ለትርኢት የቀሰቀሳቸው የገጠር ቅርሶች እንጂ የስፖርት ማዕረግ የሚገባቸው አይደሉም። ሕንዳውያን ለእግር ኳስ ፍቅር የላቸውም፤ በ1950 ከዓለም ዋንጫ የቀሩትም ጫማ አናደርግም ብለው ነው። የታሚል ናዱ የበሬ ጨዋታ ከስፔኑ የበሬ ፍልሚያ የማይለይ ኋላ ቀር ልማድ ነው። በመጨረሻም፣ ከ1.4 ቢሊዮን ሕዝብ ጥቂት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ብቻ የሚገኘው ሕንዳውያን ሥጋ ስለማይበሉና ተፈጥሯቸው ለጉልበት ሥራ ስላልታደለ ነው።

ጽሑፉ አማርኛው ያማረ ነው፤ ብዙ አንባቢ ያገኘውም ለዚህ ይመስለኛል። ስድስቱን ነጥቦች ያሳሳታቸው ግን አንድ አስተያየት ነው። ጸሐፊው ሕንድን አንድ ልብ እንዳላት አገር ቆጥረው፣ አንዱን ስፖርት ወደደች ሌላውን ጠላች እያሉ ይፈርዳሉ። እኔ እንደምረዳው በሕንድ አንድ ስፖርት የሚያድገውም የሚከስመውም በክፍለ ግዛት፣ አንዳንዴም በወረዳ ደረጃ ነው፤ ሜዳ ባለበት፣ ደጋፊ መስፍን ወይም መንግሥት በተገኘበት፣ ተጫዋቹን ደመወዝ ከፍሎ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ባለበት ይለመልማል፣ እነዚህ በጠፉበት ደግሞ ይደርቃል። በዚህ ምላሽ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ክሪኬት ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ዛሬ ገንዘቡም፣ ማስታወቂያውም፣ የጋዜጣው የፊት ገጽም የክሪኬት መሆኑን ማንም አይክድም። የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ ከ2023 እስከ 2027 ያለው የአምስት የውድድር ዘመን የሥርጭት መብት የተሸጠው በ48,390 ክሮር ሩፒ ሲሆን፣ አንድ ክሮር አሥር ሚሊዮን ስለሆነ ድምሩ ወደ 484 ቢሊዮን ሩፒ ይጠጋል። ይህ ገንዘብ ሌሎቹን ስፖርቶች ጥላ ውስጥ ማስገባቱም እውነት ነው። ነገር ግን ሁኔታው ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበር ማለት ታሪኩን መዝለል ነው። በ1983 ካፒል ዴቭ የመራው ቡድን ለንደን በሚገኘው ሎርድስ ሜዳ ዌስት ኢንዲስን በ43 ነጥብ ልዩነት አሸንፎ የዓለም ዋንጫን ሲያነሳ፣ የክሪኬት ቦርዱ ለተጫዋቾቹ የሚሸልመው ገንዘብ አልነበረውም፤ ዝነኛዋ ዘፋኝ ላታ ማንጌሽካር ዴልሂ ላይ ባቀረበችው ኮንሰርት ገንዘብ ተሰብስቦ ነው የተሸለሙት። ባለቀለም ቴሌቪዥን ወደ አገሪቱ የገባው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1982 ዴልሂ ካስተናገደችው የእስያ ጨዋታዎች ጋር ነበር። በ1995 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የክሪኬት ሥርጭት ክርክር ላይ የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት እንጂ የመንግሥት ብቸኛ ንብረት አይደለም ብሎ ሲወስን፣ የሥርጭት መብት በውድድር የሚሸጥበት ገበያ በሰፊው ተከፈተ። ስለዚህ ጸሐፊው ከጥንት የመጣ የሚሉት የክሪኬት የበላይነት ዕድሜው አርባ ዓመት ገደማ ነው።

«ያለ ማንገራገር ተቀበሉት» እና «ሁሉንም በእኩልነት አሰባሰበ» የሚሉት ቃላት ደግሞ የቦምቤይን፣ ማለትም የዛሬዋን ሙምባይ ታሪክ ፈጽሞ የዘነጉ ናቸው። ጨዋታውን ከሕንዳውያን መካከል ቀድመው ያደራጁት በዚያች ከተማ የሚኖሩ ፓርሲዎች፣ ማለትም ጥንት ከፋርስ የመጡ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ሲሆኑ የመጀመሪያ ክለባቸውን ያቋቋሙት በ1848 ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የአውሮፓውያኑ የፖሎ ፈረሶች ሜዳቸውን እየቆፈሩ ስላበላሹባቸው ለገዥው በተደጋጋሚ አቤቱታ ጽፈው ተከራክረዋል። ከ1912 ጀምሮ ደግሞ ትልቁ ዓመታዊ ውድድር አውሮፓውያን፣ ፓርሲዎች፣ ሂንዱዎችና ሙስሊሞች በየቡድናቸው ተለያይተው የሚጋጠሙበት ነበር፤ ጋንዲ እንዲህ ያለውን በሃይማኖት የተከፋፈለ ጨዋታ በይፋ ተቃውመውታል፤ በ1946ም ቆመ።

በዚያ ዘመን የነበረው ፓልዋንካር ባሉ የዚህ ሁሉ ምስክር ነው። የተወለደው የማይነኩ ተብለው ከሚገለሉት፣ ቆዳ ከሚሠሩት ወገኖች ነው፤ በወጣትነቱ የሠራው ፑኔ ውስጥ በአንድ የአውሮፓውያን ክለብ ሜዳ እየጠረገና እየደመደመ፣ ለልምምድ የሚመጡትን እንግሊዛውያን ኳስ እየወረወረላቸው ነበር። የሂንዱዎቹ ቡድን አውሮፓውያኑን ማሸነፍ ሲፈልግ ከእሱ የተሻለ ወርዋሪ አላገኘም፤ ሆኖም በሻይ ሰዓት ጓደኞቹ አዳራሽ ውስጥ በሸክላ ስኒ ሲጠጡ፣ ለእሱ ከደጅ ሆኖ ተጠጥቶ በሚጣል የጭቃ ኩባያ ይቀርብለት ነበር። በ1911 የሕንድ ቡድን ወደ እንግሊዝ ሄዶ ሲጫወት ባሉ ከ100 በላይ መቺዎችን ከሜዳ አስወጥቷል። እንዲህም ሆኖ የሂንዱዎቹ ቡድን አምበል ሳይሆን ቀረ፤ ይህ ክብር የደረሰው በ1923 ለታናሽ ወንድሙ ለቪታል ነው። ክሪኬት በሕንድ የሰው ልጅ እኩልነት የተከለከለበትም፣ በጥያቄና በግፊት ጥቂት በጥቂት የተገኘበትም መድረክ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ የሆኪ ነው፤ ጽሑፉ በጣም የሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሆኪ ብሔራዊ ስፖርት ነው የሚለው ነገር በትምህርት ቤት ሳይቀር ሲነገር ስለኖረ ጸሐፊው ቢያምኑት አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን በ2012 አንዲት የሉክናው ተማሪ በመረጃ የማግኘት መብት ሕጉ መሠረት መንግሥትን በጽሑፍ ጠይቃ ያገኘችው መልስ የትኛውም ስፖርት ብሔራዊ ተብሎ እንዳልተሰየመ የሚገልጽ ነበር።

ሕዝቡ ጥሎት ሞተ የሚለው ግን ከዚህ የባሰ ስሕተት ነው። ሕንድ ከ1928 አምስተርዳም እስከ 1956 ሜልቦርን በተካሄዱት ስድስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ወርቁን ወሰደች፤ በ1964 ቶኪዮና በ1980 ሞስኮ ያገኘችው ሲጨመር ስምንት ይሆናል። ድያን ቻንድ አምበል የነበረበት ቡድን በ1936 በርሊን ላይ ጀርመንን 8 ለ 1 ያሸነፈ ሲሆን፣ የተወለደበት ኦገስት 29 ዛሬ የአገሪቱ የስፖርት ቀን ሆኖ ይከበራል። በ1948 ደግሞ ነጻነት በተገኘ በዓመቱ፣ ለንደን ላይ፣ ብሪታንያን ራሷን በፍጻሜው 4 ለ 0 ረቱ።

ታዲያ ምን ሆነ? አንደኛ የ1947ቱ ክፍፍል የምዕራብ ፑንጃብን ተጫዋቾችና ክለቦች ለፓኪስታን ሰጠ፤ ብዙዎቹ የአንግሎ ኢንዲያን፣ ማለትም የእንግሊዝና የሕንድ ክልስ የሆኑ ተጫዋቾችም ወደ አውስትራሊያና ወደ ሌላ አገር ተሰደዱ። በ1960 ሮም ላይ ወርቁን ከሕንድ የነጠቀችው ፓኪስታን ናት፣ 1 ለ 0። ሁለተኛውና ከባዱ ምክንያት የመጣው በ1976 ሲሆን፣ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ የሆኪ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ተደረገ። የሕንድና የፓኪስታን ተጫዋቾች ጥበብ በተፈጥሮ ሣር ላይ ኳሷን በእንጨቱ እያገላበጡ ተከላካይን ማታለል ነበር፤ አዲሱ ወለል ግን ሩጫን፣ ጉልበትንና ረጅም ምትን አስቀደመ። ሕንድ በዚያ ዓመት ሰባተኛ ወጣች። ሰው ሠራሹ ሣር እጅግ ውድ ነው፤ የዘመኑ ምንጣፍ በውኃ ካልራሰ አይጫወቱበትም፤ በየመንደሩ ደረቅ መሬት ላይ ያደገ ልጅ እንዲህ ያለውን ወለል የሚያየው ብሔራዊ ምርጫ ላይ ሲደርስ ብቻ ነበር። በ1980 የተገኘው ወርቅ ብዙ አገሮች ባልተገኙበት ኦሊምፒክ ነው። በ2008 ሕንድ ለቤጂንግ ኦሊምፒክ ሳታልፍ ቀረች፤ በሰማንያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ይህ የሜዳና የገንዘብ ታሪክ ነው፤ የክሪኬት የበላይነት የመጣው የሆኪው ውድቀት ከጀመረ በኋላ ነው።

ሆኪ ያልሞተ መሆኑን ለማየት ደግሞ ወደ ምሥራቅ መውረድ ነው። በኦዲሻ የሱንዳርጋር ወረዳና በጎረቤቱ ጃርካንድ ያሉት የሲምዴጋና የኩንቲ ወረዳዎች የአዲቫሲ፣ ማለትም የጥንቱ የደን ነዋሪ ሕዝቦች አገር ናቸው። እዚያ ልጆች የመጀመሪያ እንጨታቸውን ከቀርከሃ ወይም ከዛፍ ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ፤ በመንደር ውድድር ላይ ለአሸናፊው ቡድን የሚሰጠው ሽልማት ዋንጫ ሳይሆን ፍየል ነው፤ ፍየሉ ታርዶ ሁሉም ይበላዋል። የ1928ቱ ወርቃማ ቡድን አምበል ጃይፓል ሲንግ የኩንቲ ሰው ነበር፤ የዛሬዋ የሴቶች ቡድን ተጫዋች ሳሊማ ቴቴ ደግሞ የሲምዴጋ ልጅ ናት። የኦዲሻ መንግሥት ከ2018 ጀምሮ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ብሔራዊ ቡድን ወጪ ተሸከመ፤ በ2023ም ለዓለም ዋንጫው በሩርኬላ ከተማ በአዲቫሲው ጀግና በቢርሳ ሙንዳ ስም ትልቅ የሆኪ ስታዲየም አቆመ። ወንዶቹ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጀርመንን 5 ለ 4 አሸንፈው ከ41 ዓመት በኋላ ሜዳሊያ አገኙ፤ በ2024 በፓሪስም ነሐሱን ደገሙት። ሴቶቹ በቶኪዮ አራተኛ ወጡ። ሞተ የተባለው ጨዋታ ይህ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ካባዲንና ትግልን ከስፖርት ወገን የሚያወጣ ነው። ካባዲን አይቶ የማያውቅ አንባቢ ስላለ ባጭሩ ላስረዳ። ለወንዶች 13 በ10 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ ሰባት ሰባት ሆነው ይቆማሉ። ወራሪ የሚባለው አንዱ ተጫዋች መካከለኛውን መስመር ተሻግሮ ወደ ተቃራኒ ክልል ይገባል፤ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ ትንፋሹን ሳይመልስ «ካባዲ፣ ካባዲ፣ ካባዲ» እያለ ይደጋግማል፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተከላካዮቹ አንዱን ወይም ብዙዎቹን ነክቶ ወደ ራሱ ክልል መመለስ አለበት። የነካቸው ይወጣሉ፣ ለቡድኑም ነጥብ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱን ወይም ጭኑን ይዘው ካስቀሩት ግን እሱ ይወጣል። ተከላካዮቹ ሁለት ሁለት እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፤ ወራሪው ደግሞ እግሩን እንደሚዘረጋ አስመስሎ በእጁ ይነካል። በሕንዱ የካባዲ ሊግ ደንብ ሁለት ተከታታይ ባዶ፣ ማለትም ነጥብ ያልተገኘበት ወረራ ከተደረገ ሦስተኛው የግድ ነጥብ ማምጣት አለበት፤ ካላመጣ ወራሪው ይወጣል። ትንፋሽ፣ ፍጥነት፣ ጉልበትና ስሌት በአንድነት የሚፈተኑበትን ጨዋታ ስፖርት አይደለም ለማለት በእውነቱ ጥሩ ምክንያት ያስፈልጋል።

ቴሌቪዥን አስነሳው የሚለውም አይቆምም። ፕሮ ካባዲ ሊግ የተጀመረው በ2014 ነው፤ ካባዲ ግን በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ ጊዜ ከአማራቫቲ በሄደ የሰውነት ማጎልመሻ ማኅበር ለተመልካች ቀርቧል፤ ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ በ1950 ተቋቁሟል፤ ከ1990 ጀምሮም በእስያ ጨዋታዎች ውስጥ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ውድድር ነው። በማሃራሽትራ ሁቱቱ፣ በታሚል ናዱ ሰዱጉዱ፣ በቤንጋል ሃዱዱ እያሉ ሲጫወቱት ኖረዋል፤ በፑንጃብ ደግሞ በክብ ሜዳ የሚደረግ ሌላ ዓይነት አላቸው። ቴሌቪዥኑ ያደረገው ከአፈር ወደ ምንጣፍ ያሸጋገረውን ጨዋታ በመብራት ማሳየትና ለተጫዋቾቹ ክፍያ ማምጣት ነው። በ2018 ጃካርታ ላይ ኢራን የሕንድን ወንዶች በግማሽ ፍጻሜ፣ ሴቶቹን በፍጻሜ ስታሸንፍ ደግሞ የኢራን ሴቶች አሠልጣኝ ሻይላጃ ጄን የምትባል የናሺክ ሕንዳዊት ነበረች። አሠልጣኝ ወደ ውጭ የሚልክ፣ በተቀናቃኝም የሚሸነፍ ጨዋታ የሙዚየም ዕቃ ሊባል አይችልም።

የትግሉ ነገር ከዚህም የጠለቀ ነው። አካራ የሚባለው የታጋዮች ስፍራ ወለሉ አፈር ነው፤ አፈሩ ተራ አፈር አይደለም፤ ተነፍቶ ከአሬራ፣ ከዘይት፣ ከእርድና ከቅቤ ጋር ይለወሳል፣ ይለሰልሳል። ታጋዮቹ ገና ሳይነጋ ተነስተው ራሳቸው በአካፋ ይቆፍሩታል፤ ቁፋሮው ራሱ የትከሻና የወገብ ሥራ ነው። ወደ ጉድጓዱ ሲገቡ አፈሩን ነክተው ግንባራቸውን ይነካሉ፤ በማዕዘኑ የብርታት አምላክ የሚሉት የሃኑማን ምስል አለ። በቀርከሃ ጫፍ የተሰካ ድንጋይ ከራስ በላይ ያሽከረክራሉ፤ ዳንድና ቤታክ የሚሏቸውን የክንድና የጉልበት ልምምዶች በመቶዎች ይሠራሉ። ያሸነፈ የሚባለው የተጋጣሚውን ሁለቱን ትከሻ መሬት ያስነካ ነው።

ይህ ቅርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሜዳሊያ ባልወጣው። የኮልሃፑሩ ገዥ ሻሁ ማሃራጅ ለትግል ብለው ያሠሩት የካስባግ ስታዲየም በ1912 ተከፈተ፤ በዚያ ከተማ ትግል የተማረው ካሻባ ጃዳቭ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ነሐስ አግኝቶ የነጻይቱ ሕንድ የመጀመሪያው ባለ ግል ሜዳሊያ ሆነ። ለጉዞው ገንዘብ ቢጠፋ የኮሌጁ ርዕሰ መምህር ቤታቸውን አስይዘው ተበድረውለታል። ታላቁ ጋማ የሚባለው ታጋይ ደግሞ በ1910 ለንደን ሄዶ አሜሪካዊውን ሮለርን ረቷል፤ በ1928 ፓቲያላ ላይ ፖላንዳዊውን ዝቢሽኮን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጥሎታል። ጋማ ሙስሊም ነበር፤ ያሳደጉትና የቀለቡት መሳፍንት ሂንዱና ሲክ ነበሩ። በሃይማኖት የተከፋፈለው የቦምቤይ ክሪኬት ሲታሰብ የአካራው ልማድ የተሻለ ስም ይገባው ነበር፤ ጸሐፊው ግን እኩልነትን ለክሪኬት፣ ኋላ ቀርነትን ለአፈሩ ሰጡ።

ስለ እግር ኳስ ብዙ አልልም፤ ማስረጃው ራሱ ይናገራል። በ1911 ካልካታ ላይ ሞሁን ባጋን፣ አንድ ተጫዋች ብቻ ሲቀር ሁሉም በባዶ እግር ሆነው የእንግሊዝን የኢስት ዮርክሻየር ክፍለ ጦር ቡድን 2 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ፤ ሕንድ በ1951ና በ1962 የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ አገኘች፣ በ1956 ኦሊምፒክ አራተኛ ሆነች፤ በ1997 የሞሁን ባጋንና የኢስት ቤንጋልን ጨዋታ ለማየት ሶልት ሌክ ስታዲየም የገባው ሕዝብ ከ130 ሺህ በላይ ነበር። በኬረላ የማላፑራም ወረዳ ደግሞ ሰባት ለሰባት የሚደረገው ውድድር ከአፍሪካ ተጫዋች ቀጥሮ እስከማስመጣት ይደርሳል። የ1950ው ጉዳይ የባዶ እግር ተረት ነው። ፌዴሬሽኑ በወቅቱ የሰጠው ምክንያት በተጫዋቾች ምርጫ አለመስማማትና የልምምድ ጊዜ ማጠር ሲሆን፣ የቡድኑ አምበል ሳይለን ማና በኋላ እንደተናገረው ደግሞ ለእነሱ ትልቁ ነገር ኦሊምፒክ እንጂ የዓለም ዋንጫ አልነበረም።

የታሚል ናዱን ጃሊካቱ በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ፤ በሬው ይጨነቃል፣ ሰውም ይሞትበታል፣ እኔም አልወደውም። ነገር ግን ከስፔኑ ጋር አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። በጥር ወር በፖንጋል በዓል በአላንጋናሉርና በፓላሜዱ በሚደረገው ጨዋታ በሬው ከጠባብ በር ሲለቀቅ ወጣቶች ባዶ እጃቸውን ሻኛው ላይ ተንጠልጥለው የተወሰነ ርቀት ለመቆየት ይሞክራሉ፤ መሣሪያ የለም፣ በሬው አይገደልም፤ ካልተያዘ ባለቤቱ ይሸለማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ከለከለው፤ በጥር 2017 በቼናይ ማሪና የባሕር ዳርቻ ብዙ ሺህ ሰው ተሰልፎ ተቃወመ፣ ከሰልፈኞቹም ብዙዎቹ የከተማ ተማሪዎች ነበሩ፤ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት አዲስ ሕግ አወጣ፤ በ2023 ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸና። ክርክሩ ገና ያላለቀ፣ በሁለቱም ወገን አስተዋይ ሰዎች ያሉበት ነው። ደግሞ ስለ ባህላዊ ጨዋታ መጻፍ ከተፈለገ በኬረላ ከመቶ በላይ ቀዛፊ በሚይዙ ረጃጅም ጀልባዎች የሚደረገው እሽቅድምድም፣ ወይም የዘመናዊው ፖሎ መነሻ የሆነው የማኒፑር የፈረስ ጨዋታ አንድ መስመር እንኳ አለማግኘቱ ያስገርማል።

የመጨረሻው ነጥብ የሥጋና የተፈጥሮ ነገር ነው፤ በጣም ያሳሰበኝም እሱ ነው። ብዙ የሃሪያና ታጋዮች ሥጋ ሳይቀምሱ በወተት፣ በቅቤና በለውዝ ያደጉ ናቸው፤ ጋማ ደግሞ ሥጋ በል ነበር፤ ሁለቱም አሸንፈዋል። የሜዳሊያው ቁጥር ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ በፓሪስ 2024 አንድ ብርና አምስት ነሐስ ብቻ ተገኝቷል። ግን ሜዳሊያዎቹን በክፍለ ግዛት ከፋፍለን እንያቸው። ከሆኪው ነሐስ በቀር በፓሪስ የተገኙት አምስት ናቸው፤ ከአምስቱ አራቱን ያመጡት የሃሪያና ልጆች ናቸው፤ ማኑ ባከር ብቻዋንና ከሳራብጆት ሲንግ ጋር በተኩስ፣ ኒራጅ ቾፕራ በጦር ውርወራ፣ አማን ሴራዋት በትግል። አምስተኛው ተኳሽ የኮልሃፑር ሰው ነው። በቶኪዮ ከስድስቱ የግል ሜዳሊያዎች ሦስቱ የሃሪያና፣ ሁለቱ ደግሞ የማኒፑርና የአሳም ነበሩ። ሃሪያና ከሕንድ ሕዝብ ሁለት በመቶ ገደማ ብቻ ነው የያዘችው፤ በሕዝብ ብዛት አንደኛ የሆነችው ኡታር ፕራዴሽ ግን ከእነዚህ የግል ሜዳሊያዎች አንዱንም አላገኘችም። ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ በአንድ ወንዝ ማዶና ማዶ እንዲህ ባልተለያየ። ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ መሆን የለበትም፤ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ ናት፤ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ በቆጂ አይደሉም።

ሃሪያና ያላት ነገር የታወቀ ነው። አካራው በየመንደሩ አለ፤ ሠራዊቱና ፖሊሱ ስፖርተኛ ይቀጥራሉ፤ መንግሥቱ ለባለ ሜዳሊያ ገንዘብና ሥራ ይሰጣል። በመላው ሕንድም ስፖርተኛን ያኖረው በአብዛኛው የምድር ባቡሩና መሰል መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት ቅጥር ነው፤ የክሪኬቱ ኮከብ ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ እንኳ ዝነኛ ከመሆኑ በፊት በካራግፑር ባቡር ጣቢያ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር። በቼናይ የሆነውም ተመሳሳይ ነው፤ ቪስዋናታን አናንድ ቼዝን ያጠናው በሶቪየት የባህል ማዕከል ውስጥ በነበረው ክለብ ሲሆን በ1988 ግራንድ ማስተር የሚባለውን ከፍተኛ የቼዝ ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ፤ ዛሬ አገሪቱ ከ80 በላይ አሏት፤ በ2024 በቡዳፔስቱ ኦሊምፒያድ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ወርቅ ወሰደች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የቼናዩ ጉኬሽ በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በእኛ መኳንንት ቤት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረጅ ከዚሁ የሕንድ ጨዋታ በፋርስና በዓረብ በኩል የወረደ መሆኑን ጸሐፊው ቢያስታውሱ ኖሮ ምናልባት ቼዝን አይረሱትም ነበር።

ተፈጥሮ የሚለው ቃል ደግሞ ሴቶቹን ፈጽሞ ይሸፍናቸዋል። በጽሑፉ ውስጥ አንዲት ሴት ስፖርተኛ አልተጠቀሰችም። የኬረላዋ ፒ. ቲ. ኡሻ በ1984 በ400 ሜትር መሰናክል ነሐሱን ያጣችው በመቶኛ ሰከንድ ነው። የክሪኬቷ ሃርማንፕሪት ካውር ቡድን በኖቬምበር 2025 ናቪ ሙምባይ ላይ ደቡብ አፍሪካን አሸንፎ የሴቶችን የዓለም ዋንጫ ወሰደ። ሳክሺ ማሊክ በ2016 በኦሊምፒክ በትግል ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሕንዳዊት ናት። ይህችው ሳክሺ ግን በ2023 ከታጋዮቹ ከቪኔሽ ፎጋትና ከባጅራንግ ፑኒያ ጋር ሆና ዴልሂ ጃንታር ማንታር አደባባይ ላይ ለሳምንታት ተቀመጠች፤ የትግል ፌዴሬሽኑ ኃላፊ ሴት ታጋዮችን በጾታ አስነውረዋል ብለው ከሰሱ፣ እሳቸውም ክሱን አስተባብለዋል። አዲሱ ፓርላማ በተመረቀበት በሜይ 28 ፖሊስ ታጋዮቹን ከመንገድ እየጎተተ አሠራቸው፤ በኦገስት ደግሞ ፌዴሬሽኑ ምርጫውን በጊዜው ባለማካሄዱ የዓለም የትግል ማኅበር አገደው። ሜዳሊያ ለምን አነሰ ብሎ የጠየቀ ሰው ስለ ሥጋና ስለ አትክልት ሁለት ገጽ ሲጽፍ፣ ስለዚህ ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር አላሰፈረም።